«ቤት» በሥነ ግጥም፦ የአንድ አጭር ቃል ጉዞ

የአማርኛ ግጥም የሚያጠና ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ከሚማራቸው ቃላት አንዱ «ቤት» ነው። ስንኞች በመጨረሻ ፊደላቸው ሲገጥሙ «ቤት መቱ» ወይም «ቤት ደፉ» እንላለን፤ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ደግሞ «ቤት አይመታም» ብለን ገጣሚውን እንነቅፋለን። የመኖሪያ ስም የሆነው ይህ ቃል ወደ ግጥም እንዴት እንደ ገባ ግን እምብዛም አንጠይቅም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ቃሉን በዘመድ ቋንቋዎችና ከእነርሱ በተዋሱት ዘንድ ተከትዬ፣ የትርጉሙን መስፋትና መጥበብ ለማሳየት እሞክራለሁ። ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የሌላውን ሕዝብ ግጥም ስንተረጉምና ከራሳችን ጋር ስናወዳድር፣ ቃሉ አንድ ስለ ሆነ ብቻ ነገሩም አንድ ይመስለናል።

ቃሉ ጥንታዊ ነው። በአካድኛ ቢቱ፣ በዕብራይስጥ ባይት፣ በሱርስት ባይታ፣ በዐረብኛ በይት፣ በግእዝ ቤት ይባላል፤ የሁሉም መነሻ ማደሪያ ነው። የዕብራይስጥ ሁለተኛ ፊደል ስሙ ቤት ሲሆን፣ ግሪኮች ፊደሉን ከፊንቄ ሲቀበሉ ስሙን ቤታ ብለው አስቀሩት። በግሪክኛ ከፊደል ስምነት በቀር ሌላ ትርጉም የለውም፤ «አልፋቤት» በሚለው ቃል ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ይኖራል። ከዐረብኛ በወጣው የማልታ ቋንቋ ደግሞ «ቤይት» ማለት ጣሪያ ነው፤ ቤቱ ራሱ «ዳር» ይባላል። ቃሉ እዚያ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቀርቷል ማለት ይቻላል።

ወደ ግጥም ስንመለስ፣ በዐረቦች ዘንድ «በይት» በሁለት እኩሌታ የተከፈለ ሙሉ መስመር ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ8ኛው መቶ ዓመት የባስራው ሊቅ አል ኸሊል ኢብን አሕመድ የግጥሙን ምጣኔ ሲደነግግ ከዘላኑ ድንኳን የተወሰዱ ስሞችን ሥራ ላይ አውሏል። የምጣኔው ክፍሎች «ሰበብ» ማለትም ገመድ፣ «ወተድ» ማለትም ካስማ ይባላሉ፤ የመስመሩ እኩሌታ ደግሞ «ሚስራዕ»፣ የበር ሳንቃ ነው። እኛ ቤት የምንለውን የመጨረሻ ድምፅ ግን ዐረቦች «ቃፊያ» ብለው ለይተው ይጠሩታል።

በ10ኛው መቶ ዓመት ዱናሽ ቤን ላብራት የዐረቦችን ምጣኔ ወደ ዕብራይስጥ አመጣ። ከዚያ ወዲህ የአንዳሉስ አይሁድ ሙሉውን መስመር ባይት፣ የመጀመሪያውን እኩሌታ «ዴሌት» ማለትም ደጅ፣ ሁለተኛውን «ሶጌር» ማለትም መዝጊያ አሉት። በዛሬው ዕብራይስጥ ግን ባይት አንድ መስመር መሆኑ ቀርቶ የብዙ መስመሮች አንቀጽ ሆኗል። በሱርስትም፣ በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ኤፍሬም በገነነበት በመድራሻ መዝሙር፣ ባይታ የሚባለው አንቀጹ ነው። ስዋሂሊ ቃሉን ከዐረብኛ ተውሶ «ኡቤቲ»፣ ሲበዛ «ቤቲ» ይላል፤ ትርጉሙ አንቀጽ ሲሆን በኡቴንዚ ግጥም እያንዳንዱ አንቀጽ አራት መስመር አለው።

በእኛ ሀገር የግእዝ ቅኔ የሚቆጠረው በቤት ነው። ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ ዘአምላኪየ 3 ቤት፣ መወድስ 8 ቤት ነው፤ እዚህ ላይ ቤት ማለት አንድ ሙሉ መስመር ነው። መልክእን በመሳሰለው ድርሰት አንቀጹ ዐርኬ የሚል የራሱ ስም ስላለው ቤት እስከ አንቀጽ አልሰፋም። ሊቃውንቱ ቃሉን በሌላም በኩል አስፍተውታል። ግሥ ሲገሥጹ «የቀተለ ቤት፣ የቀደሰ ቤት» እያሉ በእርባታው ይመድባሉ፤ በትርጓሜ መጻሕፍትም ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ወገኖች አሉ። በእነዚህ ሁሉ ቤት ማለት በአንድ ሥርዐት የሚተዳደር ቤተሰብ ነው።

ታዲያ በአማርኛ ቃሉ ከመስመርነት ወደ መጨረሻ ፊደልነት እንዴት ጠበበ? እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ ያለው በቅኔው ውስጥ ነው። የአንድ ቅኔ ቤቶች ሁሉ በአንድ ፊደል ስለሚዘጉ፣ አድማጭ ቤቱ ማለቁን የሚያውቀው በዚያ ፊደል ነው። ስለዚህ የሙሉው ስም ለመዝጊያው ተሰጠ። አማርኛ መስመሩን «ስንኝ» ብሎ ስለ ጠራው፣ «ቤት» ለመዝጊያው ብቻ ቀረ። ይህ ግምት ቢሆንም ከማስረጃው ጋር የሚጋጭ አይመስለኝም።

ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር ግልጽ ነው። «8 ቤት ያለው ግጥም» የሚል ዐረፍተ ነገር በቅኔ 8 መስመር፣ በዐረብኛ 16 እኩሌታ፣ በስዋሂሊ ኡቴንዚ 32 መስመር ማለት ነው። ተርጓሚው ቃሉን እንዳለ አምጥቶ «ቤት» ቢለው የአማርኛ አንባቢ ስለ ፊደል መግጠም ይረዳዋል፤ ሦስቱም መጠኖች ይጠፋሉ። በአንጻሩ የግእዙን ቤትና ዐርኬ ትተን ለመስመርና ለአንቀጽ የውጭ ቃል የምንዋስ ከሆነ፣ በእጃችን ያለውን ገንዘብ ሳንቆጥር መበደራችን ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ባሳተሙላቸው መዝገበ ቃላት፣ የግእዝን ቃል ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዐረብኛ ጋር አስተያይተው መንገዱን አሳይተውናል። የሥነ ግጥም ቃሎቻችንም እንዲሁ አንድ በአንድ ሊመረመሩ ይገባል፤ ስንኝና ሐረግ ገና ተራቸውን ይጠብቃሉ።