ጥቁርና ነጭ በአንድ ክፍል፦ የአሻንጉሊቶቹ ጥያቄ ዛሬም አላበቃም

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1940ዎቹ መባቻ ኬኔት እና ሜሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት፣ ሁለቱም የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ አራት አሻንጉሊቶች ይዘው ከሕፃናት ፊት ተቀመጡ። አሻንጉሊቶቹ ከቀለማቸው በቀር ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱ ቡናማ፣ ሁለቱ ነጭ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 7 ዓመት የሆኑ 253 ጥቁር ሕፃናት የትኛው ቆንጆ እንደሆነ፣ የትኛው መጥፎ እንደሚመስል፣ በየትኛው መጫወት እንደሚፈልጉ ተጠየቁ። መጨረሻ ላይ የመጣው ጥያቄ ከባዱ ነበር፦ አንተን የሚመስለው የትኛው ነው? ከሦስቱ ሁለቱ ያህሉ መጫወት የፈለጉት በነጩ ነበር።

በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት "ብራውን" በሚባለው ታዋቂ መዝገብ ተማሪዎችን በዘር ለያይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ 9 ለ0 ሲወስን፣ የክላርክን ሥራ በግርጌ ማስታወሻ ጠቅሷል። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ የሚነገረው ባጭሩ ነው፦ መለያየት ልጁን ራሱን ያስጠላዋል፤ መቀላቀል ያድነዋል።

ጥናቱ ውስጥ ግን ብዙ የማይነሳ ነገር አለ። ከልጆቹ ገሚሶቹ በአርካንሳስ የጥቁሮች ብቻ በሆኑ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ በሰሜን፣ በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ፣ ከነጮች ጋር የሚማሩ ናቸው። ነጩን አሻንጉሊት በመጠኑ አብዝተው የመረጡት ከነጮች ጋር የሚማሩት ሆኑ! የደቡብ ግዛቶች ጠበቃ ጆን ዴቪስ ይህን አንስቶ ተከራከረ። መቀላቀል መድኃኒት ከሆነ ለምን የሰሜኖቹ ባሰባቸው?

ጠበቃው የቆመለት ዓላማ ክፉ ነበር። ጥያቄው ግን የሚናቅ አይደለም። ክላርክ የሰጠው መልስ ይህ ነው፦ የደቡቦቹ ልጆች ቡናማውን አሻንጉሊት በእርጋታ የሚያሳዩት ዝቅ መደረጋቸውን እንደ ተፈጥሮ ስለተቀበሉት ነው። የሰሜኖቹ "አንተን የሚመስለው" ሲባሉ ይረበሻሉ፤ አልቅሰው ከክፍሉ ሮጠው የወጡም ነበሩ። ያ እርጋታ ጤና አይደለም፤ ለቅሶውም ሽንፈት አይደለም።

በሌላ አነጋገር፣ ቅይጥ ትምህርት ቤት ልጁን "ማን ነኝ?" ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። መልሱን ግን አይሰጠውም።

መልሱ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ወደ ቨርጂኒያዋ ፋርምቪል ከተማ መሄድ ይበጃል። ሞተን የሚባለው የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ180 ተማሪ ተሠርቶ ከ450 በላይ ያጨናነቀ ነበር። ትርፉ ተማሪ ሬንጅ በተቀባ ወረቀት በተሸፈኑ ዳሶች ውስጥ ይማራል። በሚያዝያ 1951 ባርባራ ጆንስ የተባለች የ16 ዓመት ልጅ ተማሪውን በአዳራሽ ሰብስባ ለአድማ አስነሳችው። መጀመሪያ የጠየቁት የተሻለ ሕንፃ ብቻ ነበር። ክሱ ግን አድጎ በብራውን መዝገብ ከተጠቃለሉት አምስት ጉዳዮች አንዱ ሆነ።

የሞተን ልጆች የተነፈጉት ሕንፃና ገንዘብ ነው። ራሳቸውን የሚያከብሩ ጥቁር መምህራን ግን ነበሯቸው። ተማሪዎቹ ዝቅ እንዳሉ ተነግሯቸው ያደጉ ቢሆኑም፣ በየቀኑ ፊት ለፊታቸው የሚቆመው ሰው የሚናገረው ሌላ ነበር።

ከፍርዱ በኋላ የሆነው እዚህ ላይ ነው የሚያሳዝነው። በደቡብ ውህደቱ ሲተገበር በአብዛኛው የተዘጉት የጥቁሮቹ ትምህርት ቤቶች ናቸው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር መምህራንና ርእሳነ መምህራን ሥራቸውን አጡ። ልጁ ወደ ነጮቹ ግቢ ሲሻገር መምህሩ አብሮት አልተሻገረም።

በ1957 በሊትል ሮክ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ወደ ሴንትራል ሁለተኛ ደረጃ የገቡት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በላኩት ጦር ታጅበው ነው። ወታደሩ እስከ በር ያደርሳል፤ የምሳ አዳራሹ ውስጥ ግን ልጁ ብቻውን ነው። ከዘጠኙ አንዷ ሚኒጂን ብራውን እዚያው አዳራሽ መንገድ ሲዘጉባት የያዘችውን ምግብ በነጭ ልጆች ላይ ደፋች ተብላ ታገደች፤ በየካቲት 1958 ጨርሶ ተባረረች። ኧርነስት ግሪን ግን በዚያው ዓመት ተመረቀ።

ታዲያ ውህደቱ ከንቱ ነበር? አልነበረም። በ1964 በደቡብ ነጮች በሚበዙበት ትምህርት ቤት የሚማሩ ጥቁር ልጆች ከ100 ሦስት አይሞሉም ነበር፤ በ1988 ወደ 43 ደርሰዋል። የኢኮኖሚ ባለሙያው ሩከር ጆንሰን የዚያን ትውልድ ሕይወት ተከታትሎ፣ በተዋሐዱ ትምህርት ቤቶች ያለፉ ጥቁሮች የበለጠ እንደተማሩ፣ ገቢያቸውና ጤናቸው እንደተሻለ አሳይቷል። ነጮቹ ደግሞ የተጎዱት ነገር የለም።

ማንነትን በተመለከተ ግን ግቢው ቢቀላቀልም ክፍሉ ሁልጊዜ አልተቀላቀለም። በብዙ ቦታ የላቁ ተማሪዎች የሚባሉት ክፍሎች በነጮች፣ ደካማ የሚባሉት በጥቁሮች ተሞሉ። ጎረምሳ ልጅ ይህን ለማንበብ መምህር አያስፈልገውም።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ቤቨርሊ ዳንኤል ቴተም በ1997 ባሳተመችው መጽሐፍ ጥቁር ተማሪዎች በምሳ ሰዓት ለምን አንድ ጠረጴዛ እንደሚከቡ ጠይቃለች። በልጅነታቸው ተቀላቅለው ይጫወቱ የነበሩት በ12 እና በ13 ዓመታቸው ይለያያሉ። በዚያ ዕድሜ ዓለም ልጁን በስሙ ሳይሆን በቀለሙ ማየት ይጀምራልና። ያ ጠረጴዛ የደረሰበትን ሳያስረዳ የሚረዱት ሰዎች ያሉበት መጠለያ ነው እንጂ ጥላቻ አይደለም።

ይህ ነገር የሐበሻን ቤትም ያንኳኳል። በ14 ዓመቱ ከአዲስ አበባ ወደ ሲያትል ወይም ወደ ዋሽንግተን ዙሪያ የሄደ ልጅ በአገሩ ማንም "ጥቁር" ብሎ ጠርቶት አያውቅም። የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመድበዋል። ተመራማሪው አዋድ ኢብራሂም በካናዳ ኦንታሪዮ ከአፍሪካ የመጡ ወጣቶች ላይ ያየው ይህንኑ ነው፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ "ጥቁር" ሆኑ፤ አነጋገራቸውና አለባበሳቸውም ወደዚያው አዘነበለ።

ሲያትል ራሷ ምሳሌ ናት። ተፈላጊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿን ለማመጣጠን ተማሪውን "ነጭ" እና "ነጭ ያልሆነ" ብላ በሁለት ትከፍል ነበር። ሐበሻውም ቻይናዊውም በአንድ ሣጥን ውስጥ ማለት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2007 አሠራሩን 5 ለ4 አገደ። አከፋፈሉ ሻካራ ነበር፤ ሲታገድ ግን ለመቀላቀል የቀረው መንገድ ጠበበ።

ብዙ ወላጅ በዚህ ጊዜ የሚለው "አንተ ሐበሻ ነህ፤ ከእነሱ ጋር አትግጠም" ነው። ምክሩ ከፍቅር ነው። ልጁ ግን ፖሊስም ሆነ መምህር ሲያየው ሐበሻነቱን ጠይቆ አይደለም። ያ ምክር ልጁን ከጠረጴዛው ያስነሳዋል፤ ሌላ መቀመጫ አይሰጠውም። በዚያ ላይ ዛሬ የተቀመጠበትን ወንበር ያስከፈቱለት እነባርባራ ጆንስ ናቸው።

ሐበሻነቱንና ጥቁርነቱን አንዱን በሌላው ሳይሽር እንዲይዝ ከቤትም ከክፍልም ይህን ታሪክ የሚነግረው ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል። ትምህርት ቤት ስብሰባ የሚጠራ ወላጅ ስለ ውጤት ብቻ ጠይቆ ባይመለስ ጥሩ ነው። ልጄን ከሚያስተምሩት ስንቱ እሱን ይመስላሉ? የተመደበበትን ክፍል ማን መረጠለት? ምሳውን ከማን ጋር ይበላል?