የሃቱፍ ጋዜጣ የስም ማጥፋት ችሎት

የሃቱፍ ጋዜጣ የስም ማጥፋት ችሎት በ2007 በሶማሊላንድ ዋና ከተማ በሃርጌሳ የተካሄደ የወንጀል ክርክር ነው (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተከሳሾቹ በሶማልኛ ይታተም የነበረው «ሃቱፍ» የተባለው ዕለታዊ ጋዜጣ ኃላፊዎችና ዘጋቢ ነበሩ። ለክስ ያበቃቸው በፕሬዚዳንት ዳሂር ራያሌ ካሂንና በባለቤታቸው ላይ የሙስና ውንጀላ ያነሱ ተከታታይ ጽሑፎችን ማውጣታቸው ነው። ራያሌ በሥልጣን ላይ ያሉ መሪ ብቻ ሳይሆኑ ቀጣዩ ምርጫ የሚጠብቃቸው የኡዱብ ፓርቲ መሪም ነበሩ። በመሆኑም ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ክብር ጥያቄ ሆኖ አልቀረም፤ ጋዜጣ ስለ ተወዳዳሪ ምን መጻፍ ይችላል የሚለውን ክርክር ይዞ ተነሣ። ፍርዱ ከተሰጠ በ25 ቀን ይቅርታ ስለተከተለ ግን ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ቀረ።

ከችሎቱ በፊት

ሶማሊላንድ ከሶማሊያ መለየቷን ያወጀችው በግንቦት 1991 ነው። በዚያ አሥር ዓመት በሃርጌሳ የግል ጋዜጦች እየበዙ ሄዱ፤ ከሁሉ ቀድሞ ስም ያተረፈው «ጀምሁሪያ» ሲሆን አዘጋጁ ሐሰን ሰዒድ ዩሱፍ ደጋግመው ከታሰሩት ጋዜጠኞች አንዱ ናቸው። የ«ሃቱፍ» ድርጅት ከሶማልኛው ጋዜጣ ሌላ በእንግሊዝኛ «ሶማሊላንድ ታይምስ»ን፣ በዐረብኛም አንድ ጋዜጣ ያሳትም ነበር። ሬዲዮው የመንግሥቱ ሬዲዮ ሃርጌሳ ብቻ ነበር፤ የግል ሬዲዮ ጣቢያ አይፈቀድም ነበር። ለዚህ ነው ጋዜጣው ከሚታተመው ቅጂ ብዛት እጅግ የላቀ ጉልበት የነበረው። ከሰዓት በኋላ ጫት ለመቃም የተሰበሰቡ ሰዎች አንዱን ቅጂ ተቀባብለው ያነቡታል፣ ላላነበበው ያነቡለታል፣ ይከራከሩበታል። የወጣው ወሬ እስከ ማታ ከተማውን ያዳርሳል።

የምርጫው ሁኔታም ውጥረቱን አባብሶታል። ራያሌ ፕሬዚዳንት የሆኑት መሐመድ ኢብራሂም ኢጋል በግንቦት 2002 ሲሞቱ ከምክትልነት ተነሥተው ነው። በሚያዝያ 2003 በተደረገው የመጀመሪያው ቀጥተኛ የፕሬዚዳንት ምርጫ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ድምፅ ሰጥቶ የተቃዋሚውን የኩልሚዬ ፓርቲ ዕጩ አህመድ መሐመድ መሐሙድ «ሲላንዮ»ን የበለጧቸው በ80 ድምፅ ብቻ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኋላ ልዩነቱን ወደ 217 ከፍ አደረገው። በ2005 የምክር ቤት ምርጫም ኡዱብ ከ82 መቀመጫዎች ያገኘው 33 ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ጠባብ ልዩነት ሥልጣን ለያዘ ሰው አንድ የጋዜጣ ዓምድ እንደ ተራ ትችት አይታይም።

ሁለት ሕጎች

የክርክሩ እምብርት ማስረጃው ሳይሆን የሕግ ምርጫው ነው። በግንቦት 2001 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ፕሬሱ የሐሳብ ነፃነት አካልና ራሱን የቻለ መሆኑን ይደነግጋል፤ እርሱን ለማንበርከክ የሚደረግን ማንኛውንም ድርጊትም ይከለክላል። በ2004 የወጣው የፕሬስ ሕግ ቁጥር 27 ደግሞ በጋዜጠኛ ሥራ የተነሣ ጥፋት በፍትሐ ብሔር መንገድ እንዲታይ የሚያደርግ ነው። አንድ ሰው ስሜ ጠፋ ካለ ካሳ ይጠይቅ፣ ማረሚያ ያስወጣ ነው ነገሩ።

ከዚህ ሕግ ጎን ግን የ1962ቱ የሶማሊያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አልተሻረም ነበር። ታሪኩ ራሱ እንግዳ ነው። የቀድሞዋ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ከሕንድ የተወረሰ የወንጀል ሕግ ነበራት፤ በ1960 ከደቡቡ ጋር ከተዋሐደች በኋላ የጣሊያንን አርአያ የተከተለው አዲስ ሕግ መጣባት። ሶማሊላንድ ኅብረቱን አፍርሳ ስትወጣ የኅብረቱን የወንጀል ሕግ ይዛ ወጣች። በዚያ ሕግ አንቀጽ 452 ስም ማጥፋትን፣ አንቀጽ 328 ደግሞ የሕዝብን ጸጥታ ሊያውክ የሚችል ሐሰተኛ፣ የተጋነነ ወይም ወገናዊ ወሬ ማሠራጨትን ወንጀል ያደርጋሉ። ሁለተኛው በተለይ ወዴትም የሚለጠጥ ነው፤ በምርጫ ዘመን «ወገናዊ» ሊባል የማይችል ጽሑፍ ማግኘት ይከብዳልና። ዐቃቤ ሕጎች ጋዜጠኛን ሲከሱ የሚመዙት ይህን አሮጌ ሕግ ነው።

ክሱና ፍርዱ

ጥር 2 ቀን 2007 ፖሊሶች የ«ሃቱፍ»ን ቢሮ ወረው የድርጅቱን ሊቀ መንበር ዩሱፍ ዐብዲ ገቦቤንና አዘጋጁን ዓሊ ዐብዲ ዲኒን አሰሩ። ዘጋቢው መሐመድ ዑመር ሼኽ ኢብራሂምም ከታሰሩት ውስጥ ነበሩ። እስረኞቹ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ በኩል ባለው በማንዴራ እስር ቤት ተይዘዋል።

መጋቢት 4 ቀን የሃርጌሳ ክልላዊ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሰጠ። ዲኒና ዘጋቢው ስለ መንግሥት ሐሰተኛ ወሬ በማውጣት፣ የፕሬዚዳንቱንና የቤተሰባቸውን ስም በማጉደፍ፣ በማኅበረሰቦች መካከልም ቅራኔ በመፍጠር ጥፋተኛ ተብለው እያንዳንዳቸው ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ተፈረደባቸው። ገቦቤ ሁለት ዓመት ሲፈረድባቸው ጥፋታቸው የፖሊሶችን ሥራ ማደናቀፍ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ ይኸኛው ነው። የድርጅቱ ኃላፊ የተቀጡት በታተመው ነገር ሳይሆን ቢሮው በተወረረበት ዕለት አደረጉ በተባለው ነው፤ ያም ሆኖ ቅጣቱ ከጻፉት ሰዎች ቅጣት ብዙ አይርቅም። ጽሑፎቹ እውነት ናቸው ወይስ ሐሰት የሚለው፣ በስም ማጥፋት ክርክር ውስጥ ዋናው መሆን የነበረበት ጥያቄ፣ በወረራው፣ በእስሩና በሕግ ምርጫው ጭቅጭቅ ተውጦ ቀረ።

ዓለም አቀፍ የጋዜጠኞችና የሰብአዊ መብት ድርጅቶች የፕሬስ ሕጉ ወደ ጎን መተዉን ነቀፉ። መጋቢት 29 ቀን ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ሰጥተው ጋዜጠኞቹ ተፈቱ። በዚያው ዓመት በሐምሌ «ቀራን» የተባለ አዲስ ፓርቲ ለማቋቋም የተነሡ ሦስት ፖለቲከኞች ታሰሩ፤ እነርሱም ተፈርዶባቸው በታኅሣሥ ተለቀዋል። አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፤ እስር፣ ፈጣን ፍርድ፣ ከዚያ ምሕረት።

ይቅርታው ያልመለሰው ጥያቄ

ምሕረቱ ለታሳሪዎቹ ቤተሰቦች ትልቅ እፎይታ ነበር፤ በሕጉ በኩል ግን ጉዳት አለው። ይቅርታ የተደረገለት ሰው ተፈትቶ ሲወጣ የይግባኙ ጉዳይ አብሮ ይቀዘቅዛል። ይግባኝ ከሌለ የፕሬስ ሕጉና የወንጀል ሕጉ ሲጋጩ የትኛው ይበልጣል የሚለውን ለበታች ፍርድ ቤቶች የሚወስንላቸው የለም። በዚህም የተነሣ እያንዳንዱ ተከታይ ክስ ምንም እንዳልተወሰነ ሆኖ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ቀጥሎ የመጣው ይህን ያሳያል። በ2010 ምርጫ ሲላንዮ ራያሌን አሸነፉ፤ ራያሌም ሥልጣኑን በሰላም አስረከቡ፤ ለአካባቢው ብርቅ ነገር ነው። ተቃዋሚ በነበሩበት ጊዜ የጋዜጠኞች መታሰር ሲነቀፍ የሰሙት ሰው ሥልጣን ሲይዙ ግን ዐቃቤ ሕጉ ያንኑ መጽሐፍ ገለጠ። በ2011 የ«ዋሂን» ጋዜጣ አዘጋጅ ሦስት ዓመት ተፈረደባቸውና በይቅርታ ወጡ። በ2013 በሚያዝያ «ሁባል» በተባለው ጋዜጣ ቢሮ ላይ የታጠቁ ሰዎች ጥቃት አደረሱ፤ በዚያው ዓመት ግን በስም ማጥፋትና በሐሰተኛ ወሬ የተፈረደባቸው የጋዜጣው አዘጋጆች ናቸው። በ2014 ተራው ዳግመኛ የ«ሃቱፍ» ሆነ፤ ጋዜጣው ታገደ፣ ገቦቤ ሦስት ዓመት፣ አዘጋጁ አህመድ ዓሊ ኢጌ አራት ዓመት ተፈረደባቸው፣ ብዙም ሳይቆይ ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ አደረጉ። ገቦቤ በሁለት መንግሥታት፣ በሰባት ዓመት ልዩነት፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ገብተው በአንድ ዓይነት መንገድ ወጡ።

ሌላ ቦታ የተሄደበት መንገድ

የሶማሊያ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በሚያዝያ 1964 ነው። ከዚያ አንድ ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኒው ዮርክ ታይምስና በሱሊቫን ክርክር፣ ባለሥልጣን ስለ ሥራው በተጻፈ ነገር ካሳ ለማግኘት ጸሐፊው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ለእውነቱ ደንታ ሳይኖረው መጻፉን ማስረዳት አለበት ብሎ ወስኖ ነበር። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሐሳብ ለማግኘት አትላንቲክን መሻገር አያስፈልገውም። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2047 የሕዝብን ጥቅም በሚመለከት ጉዳይ አስተያየት የሰጠ ሰው ሐሰት መሆኑን በእርግጥ እያወቀ ካልተናገረ በቀር ተጠያቂ እንደማይሆን ቀድሞ አስፍሮ ነበር። ያም ሆኖ ኢትዮጵያ ውስጥም ጋዜጠኞች ለአሠርት ዓመታት በወንጀል ሲከሰሱ ኖረዋል። በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶ ወደ ፍትሐ ብሔር የወሰደው አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው (በቁጥሩ ያለው ዓመት የኢትዮጵያ ነው)።

የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2014 በቡርኪና ፋሶው ጋዜጠኛ በኮናቴ ጉዳይ፣ በስም ማጥፋት ጋዜጠኛን ማሰር የመናገር ነፃነትን የሚጥስ መሆኑን ወስኗል። የሶማሊላንድ ጋዜጠኛ ግን የፍርድ ቤቱ መቀመጫ ወደ ሆነችው ወደ አሩሻ የሚወስደው በር የለውም፤ አገሩ የአፍሪካ ኅብረት አባል አይደለችም። የሶማሊላንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 መሠረታዊ መብቶች ከዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዝዛል፤ ይህን የሚያስፈጽመው ያው የሃርጌሳ ፍርድ ቤት ነው።

ዳሚና ከችሎት ውጭ ያለው ስድብ

በስፋት የሚታወቁት የሃርጌሳ ችሎቶች የሚያነሡት የባለሥልጣናትን ክብር ነው። ከተማዋ ውስጥ ግን ስሙ ሳይጻፍ የጠፋበት ወገን አለ። ዳሚ የገቦዬ ማኅበረሰብ በብዛት የሚኖርበት የሃርጌሳ ሰፈር ነው። ገቦዬዎች በብረት ሥራ፣ በቆዳና በፀጉር ሙያ የታወቁ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ጎሣዎች በዘር ዝቅ አድርገው ሲያዩዋቸው፣ በጋብቻም ሲርቋቸው ኖረዋል። ይህ በኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ያዩት ነገር ነው።

በሶማሌ ባህላዊ ሕግ፣ በሔር፣ ሰውን መስደብና ክብሩን መንካት «ሓል» የሚባል ካሳ ያስከፍላል። ካሳውን የሚያስከፍለው ግን የተበዳዩ ጎሣ ኃይል ነው፤ ገቦዬዎች ደግሞ ከሌላ ጎሣ ጥላ ሥር የሚኖሩ በመሆናቸው አቤቱታቸው የሚሰማው በጠባቂው በኩል ነበር። በመሆኑም ሓልም ሆነ አንቀጽ 452 ለዳሚ ነዋሪ እኩል አልቀረቡም።

ምርጫ ግን ሌላ በር ከፈተ፤ በግንቦት 31 ቀን 2021 የምክር ቤት ምርጫ የገቦዬ ተወላጁ በርኸድ ጀማ ባቱን ለዋዳኒ ፓርቲ ተወዳድረው ከ26,000 በላይ ድምፅ አገኙ፤ በመላው ሶማሊላንድ ከተወዳደሩት ዕጩዎች ሁሉ የላቀው ቁጥር ነው። ገቦዬዎች በቁጥር ጥቂት በመሆናቸው ይህ ድምፅ ከዳሚ ብቻ ሊመጣ አይችልም፤ ከሌሎች ጎሣዎች ወጣቶችም የመጣ ነው።