ብልሽት ቁጥር 1፦ ሊኑክስን ወደ ሰው የማቅረብ ታሪክ

ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች የብልሽት መዝገብ አላቸው። ፕሮግራሙ በራሱ ሲዘጋ፣ ፕሪንተሩ አልታዘዝ ሲል፣ ነገሩ እዚያ ይጻፋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ተራው ሲደርስ ይጠገናል። ኦገስት 2004 ላይ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ገና ለሕዝብ ባልወጣው ኡቡንቱ መዝገብ ላይ በቁጥር 1 የሰፈረው ብልሽት ግን ለየት ይላል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ የኮምፒውተር ገበያውን አብዛኛውን የያዘው ማይክሮሶፍት ነው፤ ኡቡንቱም የሚሠራው ይህን ለመጠገን ነው።

መዝጋቢው ማርክ ሻትልወርዝ ይባላል፤ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። የኢንተርኔት ደህንነት ላይ የሚሠራ ኩባንያውን በ1999 በ575 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጧል። በ2002 ደግሞ በሩስያ ሶዩዝ መንኮራኩር ጠፈር ደርሶ ተመልሷል። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ቀጥሎ ገንዘቡን ያፈሰሰው በነጻ በሚታደል ነገር ላይ ነው። ከመዝገቡ ጀርባ ያለው ጥያቄ ታዲያ ቀላል ይመስላል፦ ሊኑክስ በነጻ የሚገኝ ከሆነ ሰው ለምን አይወስደውም?

ለመልሱ ትንሽ ወደኋላ እንሂድ። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1991 ሊኑክስን ሲለቅ፣ የለቀቀው ከርነሉን ብቻ ነበር። ከርነል ፕሮግራሞችን ከማሽኑ አካላት ጋር የሚያገናኘው የውስጥ ክፍል ነው። ሞተር በሉት፤ መሪና ወንበር የለውም። መኪናውን ሙሉ አድርጎ የማቅረቡ ሥራ የዲስትሮዎች ሆነ። ዲስትሮ ማለት ከርነሉን፣ ሪቻርድ ስቶልማን የጀመረው የግኑ ፕሮጀክት መሣሪያዎችንና ሌሎች ፕሮግራሞችን አንድ ላይ አሽጎ የሚያቀርብ ስብስብ ነው። ስላክዌርና ደቢያን ሁለቱም በ1993 ተወለዱ።

ግን እኮ መኪናውን የሚወስደው ሰው ራሱ ሜካኒክ እንዲሆን ይጠበቅበት ነበር። ሃርድ ዲስኩን እንዴት እንደሚከፋፍል ይጠየቃል። ሞኒተሩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ይጠየቃል። ማነው ይህን የሚያውቀው? አንዱን ከተሳሳተ የሚጠብቀው ጥቁር ስክሪን ነው።

ይህን ያዩ ሰዎች አልጠፉም። በ1996 ማቲያስ ኤትሪክ የተባለ ጀርመናዊ ተማሪ ኬዲኢን ጀመረ፤ በዓመቱ ግኖም ተከተለ። የሁለቱም ዓላማ ተራው ተጠቃሚ ትዕዛዝ ሳይጽፍ በማውዝ ብቻ ሥራውን እንዲሠራ ማድረግ ነበር። በ1998 ማንድሬክ የተባለው ዲስትሮ ለጀማሪ እንዲመች ተብሎ ወጣ። ስለዚህ ቀላል ሊኑክስ የሚለው ሐሳብ የኡቡንቱ ፈጠራ አይደለም።

ታዲያ ኡቡንቱ ምን አመጣ? ውሳኔ። መሠረቱ ደቢያን ነው፤ ደቢያን ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች ነበሩት፣ ምርጫውን ግን ለእናንተ ይተወዋል። አዲስ ቅጂ ለማውጣትም አይቸኩልም፤ በ2002 አንዱን ካወጣ በኋላ ቀጣዩ የመጣው በ2005 ነው። የኡቡንቱ ሰዎች በየ6 ወሩ እናወጣለን አሉ። ሁሉን ነገር አንድ ሲዲ ላይ አስገቡት። ለአንድ ሥራ አንድ ፕሮግራም መረጡ፦ ለኢንተርኔት ፋየርፎክስ፣ ለጽሑፍ ኦፕን ኦፊስ። ሲጫንም የሚጠየቀውን ጥያቄ ቀነሱት። የመጀመሪያው ቅጂ ኦክቶበር 2004 ወጣ፤ ቁጥሩም ከዓመቱና ከወሩ ተወስዶ 4.10 ተባለ። መፈክሩ ‹‹ሊኑክስ ለሰው ልጆች›› የሚል ነበር።

ሲዲውን ማን ያምጣው? ወደ 700 ሜጋባይት የሚጠጋ ነገር በስልክ መስመር ኢንተርኔት ለማውረድ፣ መስመሩ አንዴም ሳይቋረጥ እንኳ፣ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ያን ጊዜ እኛ አገር ኢንተርኔት ቤቱ የነበረው ሰው አብዛኛው በዚሁ መስመር ነበር የሚጠቀመው። ኡቡንቱ ለዚህም መላ ነበረው፤ ለጠየቀ ሁሉ የፖስታ ወጪውን ራሱ ችሎ ሲዲ ይልክ ነበር። አገልግሎቱ እስከ 2011 ቆየ። በ2006 የወጣው ቅጂ ደግሞ ከሲዲው በቀጥታ ይነሳል፣ ዊንዶውሱን ሳትነኩ ትሞክሩታላችሁ፣ ከወደዳችሁት እዚያው ትጭኑታላችሁ። ፍርሃትን የቀነሰው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ያልተወራለት አንድ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ አማርኛ ለመጻፍ እንደ ፓወር ግዕዝ ያለ ፕሮግራም ለብቻው ማስገባት ግድ ነበር። ዊንዶውስ የራሱን የአማርኛ ፊደል ይዞ የመጣው በቪስታ፣ በ2007 ነው። ግኖም የተሠራበት ጂቲኬ የተባለው መሣሪያ ግን አማርኛን ከውስጡ ይዞ ነበር። የምትጽፉበት ቦታ ላይ በቀኝ ክሊክ ስታደርጉ የአጻጻፍ ዘዴዎች ዝርዝር ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለሚደረደር ‹‹አማርኛ (ኢዚ ፕላስ)›› የሚለው አናቱ አካባቢ ይቀመጣል። ትግርኛም አለ። ይህ የኩባንያ ሥራ አልነበረም፤ ነጻ ሶፍትዌር ማንም ሊጨምርበት ስለሚችል የተገኘ ነው።

ከዓመታት በኋላ ሜኑው ከጂቲኬ ወጣ፤ ሥራው ወደ ሴቲንግ ተዛወረ። አማርኛ ዛሬም ይጻፋል፣ ግን መጀመሪያ ሴቲንግ ገብቶ ኪቦርዱን መጨመር ያስፈልጋል። ለአብዛኛው የዓለም ተጠቃሚ ያ ዝርዝር ትርፍ ነገር ነበር። ለእኛ ግን ቅለቱ ራሱ እሱ ነበር።

የማቅለል ዋጋው እዚህ ይታያል። አንድን ነገር ቀላል ማድረግ ማለት ሌላው እንዳይቸገር አስቀድሞ ስለእሱ መወሰን ነው። ወሳኙ የተጠቃሚውን ኑሮ ካወቀ ውሳኔው ስጦታ ይሆናል፤ ካላወቀ ደግሞ የሌላ ሰው ጫማ። ኡቡንቱም ይህን ቀምሷል። በ2011 ዩኒቲ የተባለ አዲስ ገጽታ ዋነኛ አደረገ። በኋላም ስልክ፣ ታብሌትና ኮምፒውተር አንድ መልክ እንዲኖራቸው ታሰበ። የለመደውን ያጣው ተጠቃሚ ግን አጉረመረመ፤ ብዙዎች ሊኑክስ ሚንት ወደተባለው ዲስትሮ ሄዱ። በ2013 ለኡቡንቱ ስልክ 32 ሚሊዮን ዶላር ከሕዝብ ለማሰባሰብ ዘመቻ ተጀመረ፤ የተገኘው ከግማሽ በታች ነው። በ2017 ሻትልወርዝ ዩኒቲንም ስልኩንም መተዋቸውን አስታወቀ፤ ኡቡንቱ ወደ ግኖም ተመለሰ።

ብልሽት ቁጥር 1ስ? ሜይ 2013 ላይ ሻትልወርዝ ራሱ ዘጋው። ኡቡንቱ ስላሸነፈ አይደለም፤ ሰው ወደ ስልክና ታብሌት ስለዞረና ማይክሮሶፍት እንደ ድሮው ብቻውን የሚነግሥበት ገበያ ስላልቀረ ነው። ከእነዚያ ስልኮች ብዙዎቹ አንድሮይድ ናቸው፤ የአንድሮይድ ከርነል ደግሞ ያው ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ በመጨረሻ ተራው ሰው ኪስ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ያውም ባለቤቱ ስሙን እንኳ ሳይሰማ።

ለአጠቃቀም ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ግን የድሮው ሲዲ ሁለት ነገር ይዞ ነበር የሚመጣው፦ እንዲቀላችሁ የተወሰነላችሁን፣ ውሳኔው ካልተስማማችሁ ደግሞ ከፍታችሁ የመለወጥ መብቱን። አማርኛን ያ ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ይኸው ሁለተኛው ነው። ስልካችን የመጀመሪያውን በደንብ ይሰጠናል። ሁለተኛውን ከፈለግን ግን ዛሬም እንደ ድሮው ሜካኒክ መሆን ይጠበቅብናል።