ተምች ከየት ነው የሚመጣው?

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ አርሶ አደሮች! ዛሬ ስለ ማዳበሪያ አላወራችሁም፤ የተምችን ታሪክ ልንገራችሁ። ታሪኩን ያወቀ ሰው ገንዘቡን ያለጊዜው በሚረጭ መድኃኒት ላይ አያፈስም።

ሽማግሌዎችን ብትጠይቁ "ተምች ከዝናብ ጋር ከሰማይ ይወርዳል" ይሏችኋል። ትናንት ደህና የነበረ ግጦሽ፣ ዝናብ በጣለ በሁለት ሳምንቱ ጠቁሮ ሲርመሰመስ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? ፍርሃቱም የቆየ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው በክፉ ቀን፣ ከብቱን በሽታ ሲፈጀው ቡቃያውን ደግሞ ድርቅ፣ አንበጣና ትል እንደጨረሱት ተጽፏል። በሬው አልቋልና ደግሞ አርሶ መዝራት አልተቻለም።

እውነቱ ግን ምንድነው? ተምች የእሳት እራት ልጅ ነው። እራቷ በሌሊት በነፋስ ትጓዛለች። ብራውን፣ ቤትስና ሬይኒ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ወረርሽኙ በየወቅቱ ቦታ ይቀይራል። አብዛኛውን ጊዜ በታንዛኒያና በኬንያ ይጀምርና ዝናቡን ተከትሎ ወደ ሰሜን፣ ወደ እኛ ይመጣል። የዝናብ ደመና ሲሰበሰብ ከየአቅጣጫው የሚነፍሰው ነፋስ እራቶቹን አንድ ቦታ ያከማቻቸዋል፤ እዚያው ይወርዱና እንቁላል ይጥላሉ። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ግማሹን አውቀውታል ማለት ነው! ትሉ ሳይሆን እናቱ ናት ከዝናቡ ጋር የምትወርደው።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። አረንጓዴውና ጥቁሩ ሁለት ዓይነት ትል ይመስላል አይደል? በ1943 እ.ኤ.አ. ፎር የተባለ የደቡብ አፍሪካ ሊቅ ትሎቹን ለየብቻና በጅምላ አሳድጎ አንድ መሆናቸውን አሳየ። ብቻውን ያደገው አረንጓዴ ሆኖ ሳር ውስጥ ይደበቃል፤ ተጨናንቆ ያደገው ይጠቁርና በቀን በሠራዊት ይዘምታል። ስለዚህ ጥቁሩን ስታዩ ብዙ ናቸው ማለት ነው፣ አትዘግዩ።

የሚበላው የሳር ዘር ነው፦ ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ግጦሽ። ባቄላና አተር ብዙም አይነካም። የሱሉልታ ሰው፣ ድርቆሽህ ላይ ነው የሚመጣብህ! "እኛ ደጋ ነን" ብለህ አትተኛ፤ ብርድ እድገቱን ያዘገየዋል እንጂ እራቷ ክንፍ አላት።

በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መጤ ተምች አገራችን ገባ። እሱ ሌላ ነው፤ የበቆሎው ሙሽራ ውስጥ ይደበቃል፣ ጅራቱ አጠገብ አራት ጥቁር ነጥብ በካሬ ተደርድሮ ታያላችሁ። የቡራዩ በቆሎ ያላችሁ እሱን ፈልጉ።

የኛው ተምች ትል ሆኖ የሚቆየው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። አብዛኛውን የሚበላው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። ከዚያ አፈር ውስጥ ይገባል። ወፍሮ መግባት ሲጀምር መድኃኒት መርጨት ብር ማቃጠል ነው። ገና ትንሽ ሳለ፣ ሳሩን በእጃችሁ ገልጣችሁ ስታዩት ነው ወደ ቀበሌው የግብርና ባለሙያ መደወል። የተረጨ ሳር ላይ ከብት አታሰማሩ፤ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ዕቃው ላይ ተጽፏል፣ ማንበብ ካልቻላችሁ ልጆቻችሁን አስነብቡ።