ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ምድረ በዳ፤ የርቀት ሕክምና ታሪክ በቶሆኖ ኦኦዳም ሽማግሎች ዘንድ

በሰሜን አሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት ደቡብ፣ እስከ ሜክሲኮ ወሰን ድረስ የተዘረጋ ደረቅ አገር አለ። የሚኖሩበትም ሰዎች ራሳቸውን ቶሆኖ ኦኦዳም፣ ማለት የምድረ በዳ ሰዎች ብለው ይጠራሉ። የውጭ ሰዎች ለብዙ ዘመን ፓፓጎ ሲሏቸው ኖረዋል፤ በ1986 ግን ሕዝቡ ይህን ስም በይፋ ትቶ የገዛ ስሙን አጸና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1853 የተፈረመው የመሬት ሽያጭ ውል አገራቸውን ለሁለት መንግሥታት ከፍሎታል። በአሜሪካ በኩል የቀረላቸው ክልል ብቻውን 11,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን መንደሮቹ እጅግ የተራራቁ ናቸው። በሰኔ ወር ገደማ የታላቁን ቁልቋል ፍሬ ለቅመው መጠጥ ይጠምቁበታል፤ በዚያም መጠጥና በዘፈን ዝናቡን ይጠሩታል።

የዚህ ሕዝብ ስም በሕክምና ታሪክ ውስጥ የሚነሣው ይልቁንም በአንድ ተሽከርካሪ ምክንያት ነው። የአገሬው ተወላጆች ጤና ጥበቃ በ1955 ከተወላጆች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወደ ሕዝብ ጤና አገልግሎት ከተዛወረ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ በቱሳን ከተማ አጠገብ በሳን ሐቪየር የተቋቋመ አንድ ክፍል የበሽተኞችን መዝገብ በኮምፒዩተር ለማኖር ሥራ ጀመረ። በዚያው ጊዜ የአሜሪካ የጠፈር አስተዳደር፣ ናሳ፣ ሌላ ጭንቀት ነበረበት፤ ከምድር ርቆ የሚሄድ ጠፈርተኛ ቢታመም ሐኪም እንዴት ሊያየው ይችላል? ሩቅ ስፍራ፣ ጥቂት ሰው፣ ሐኪም የማይደርስበት መንደር፤ ይህ ሁሉ በኦኦዳም አገር ተገኘ። እንዲህም ሆኖ ስታርፓክ የተባለው እቅድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ታስቦ ከ1975 እስከ 1977 ሥራ ላይ ዋለ።

ነገሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። አንድ ትልቅ መኪና የራጅ መሣሪያና የልብ ትርታ መመዝገቢያ፣ የቴሌቪዥን ካሜራም ተጭኖበት ከመንደር ወደ መንደር ይዞራል። በውስጡ ከአገሬው ተወላጆች ወገን የሆኑ ሁለት የሕክምና ረዳቶች አሉ። በሴልስ ከተማ ባለው ሆስፒታል የተቀመጠው ሐኪም በማይክሮዌቭ ሞገድ አማካይነት በሽተኛውን ያየዋል፣ ያነጋግረዋል፤ ሞገዱም በኪሆቶዋ ተራራ ላይ በተተከለ ማቀበያ ይሻገራል። በሳንታ ሮዛ መንደር ቋሚ ክሊኒክ ነበረ፤ ከበድ ያለው ጉዳይ ደግሞ በፊኒክስ ወደሚገኙት ልዩ ልዩ ሐኪሞች ይላካል። የሕዝቡ የራሱ የጤና ጉዳይ ሹማምንት በእቅዱ ውስጥ ድርሻ ነበራቸው፤ ይህም በዚያ ዘመን እንደ ጥቃቅን ነገር የሚታለፍ አልነበረም።

ሽማግሎቹ መሣሪያ ባየ ቁጥር የሚሸሽ ሕዝብ አባቶች አልነበሩም። በ1955 የከዋክብት ተመራማሪዎች በኪት ፒክ ተራራ ላይ መመልከቻ ለመትከል ፈቃድ በጠየቁ ጊዜ፣ የሕዝቡ ምክር ቤት አባሎች ወደ ቱሳን ተጋብዘው ጨረቃን በመነጽር አዩ። ከዚያም ነገሩን መክረውበት በ1958 መሬቱን በኪራይ ውል ሰጡ፤ ለተመራማሪዎቹም ረጅም ዓይን ያላቸው ሰዎች የሚል ስም አወጡላቸው። እንግዲህ የስታርፓክን ታሪክ የሽማግሎች ፍርሃትና የአዲስ ጥበብ ግጭት አድርጎ የሚተርክ ሰው ከመነሻው ይስታል። ጥያቄው መሣሪያው ምን ይጠይቃል፣ ምንስ መስማት ይችላል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን የሠራ ሌላ መሣሪያ ነው፤ እርሱም ቴፕ መቅረጫ ነበረ። በ1974 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ስለ ኦኦዳም ሕክምና አንድ መጽሐፍ አወጣ። የመጽሐፉም ባለቤቶች አራት ናቸው፤ ማካይ የነበረው ሁዋን ግሬጎሪዮ፣ ተርጓሚው ዴቪድ ሎፔዝ፣ ንግግሩን በፊደል የጻፈው አልበርት አልቫሬዝ፣ የሰው ልጅ ባህል አጥኚው ዶናልድ ባር። ግሬጎሪዮ ይናገራል፣ ቴፑ ይቀርጻል፣ አልቫሬዝ ቃል በቃል ይገለብጣል፣ ሎፔዝ ይተረጉማል፣ ባር ይጠይቃል፤ ትንታኔውም ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። የአዋቂው ስም እንደ መረጃ ሰጪ በግርጌ አልተጣለም፤ ከጸሐፊዎቹ ተርታ ቆመ። ማካይ የሚለውን ቃል በአማርኛ ጠንቋይ ብሎ መተርጎም ከቀለሉት ስሕተቶች አንዱ ነው፤ ፍርዱን አስቀድሞ በቃሉ ውስጥ ይሸጉጣልና። አዋቂ ማለት ይቀርበዋል።

በዚህ መጽሐፍ እንደተገለጸው ኦኦዳሞች በሽታን በሁለት ወገን ይከፍሉታል። አንደኛው ኦይሜዳም ሙምኪዳግ፣ ዘዋሪ በሽታ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው፣ ከአገር ወደ አገር ይዞራል፣ ኦኦዳሙንም ባዕዱንም ሳይለይ ይይዛል። ሁለተኛው ካቺም ሙምኪዳግ፣ ነዋሪ በሽታ ይባላል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው አይተላለፍም፣ ከኦኦዳምም በቀር ማንንም አይይዝም፣ ከጥንተ ፍጥረት ጀምሮ ከሕዝቡ ጋራ የኖረና የሚኖር ነው። አጋዘን፣ ንስር፣ ቀበሮ፣ ውቅያኖስ ሳይቀር፣ እያንዳንዱ በፍጥረቱ የተሰጠው ሥርዓትና ክብር አለው። ያን ሥርዓት የተላለፈ ሰው የዚያ ነገር ኃይል ወደ ሰውነቱ ይገባበታል። ገብቶም ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ይነሣል። ስለዚህም የሰው ሰውነት በዕድሜው ሁሉ የገቡትን ኃይሎች እንደ ድርብርብ አፈር ይዞ ይኖራል፤ ሕመሙንም ያመጣው ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ማካይ ሌሊት በዘፈን፣ በእስትንፋስና በትንባሆ ጢስ ይመረምራል። ከተለየ በኋላ የዚያን ነገር ዘፈን የሚያውቁ ሌሎች ሰዎች ይጠራሉ። (ይህን በአገራችን ልክፍት ከሚባለው ጋራ ለማስተያየት የሚቃጣ አንባቢ ይኖራል፤ መመሳሰሉ ግን ከላይ ከላይ ብቻ ነው። ልክፍት የሚያድርብን መንፈስ ሥራ ነው፤ የኦኦዳሙ ነዋሪ በሽታ ግን ከተጣሰ ሥርዓት ይመነጫል።)

የዚህ ትምህርት ፍሬ ለሽማግሌና ለባልቴት ልዩ ትርጉም አለው። ዕድሜ በረዘመ ቁጥር ድርብርቡ ይበዛል፣ ታሪኩም ይረዝማል። ተዘዋዋሪው መኪና ይዞት የሄደው መዝገብ ግን በሆስፒታሉ የበሽታ አከፋፈል የተቀረጸ ነበር፤ ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ የት ያምማል፣ ትኩሳቱ ስንት ነው። ሕመሙ በልጅነት አደን ላይ ከተፈጸመ አንድ ጥፋት እንደሚጀምር ለሚያምን ሰው «መቼ ጀመረ» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከመዝገቡ መስመር ላይ አይሰፍርም። ከዚህ የተነሣ መኪናው የማይረባ ነበረ ማለት አይደለም። በኦኦዳሞቹ በራሳቸው አከፋፈል እንኳ ዘዋሪው በሽታ የሐኪም ድርሻ ነው፤ ሳንባን በራጅ ማየት፣ ልብን በመሣሪያ መመዝገብ ማንንም አላስቀየመም። ከሕዝቡ የሕመም ዕውቀት ግን መሣሪያው የያዘው ግማሹን ብቻ ነበር። ሁለተኛው ግማሽ ታትሞ በወጣበት ዘመን መኪናው በዚያው መንገድ ይመላለስ ነበር።

ሥራውን በቃል መጀመር ይቻል እንደነበር ከዚያ ቀደም በዚያው በአሪዞና ግዛት በሰሜን በኩል ታይቷል። በናቫሆ ሕዝብ መካከል በሜኒ ፋርምስ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከ1956 እስከ 1962 አንድ ክሊኒክ ሲያካሂዱ፣ ናቫሆዎችን የቤት ለቤት ጤና ጎብኚዎች አድርገው አሠልጥነው ነበር። በ1951 ለናቫሆ ምክር ቤት የተመረጠችው አኒ ዶጅ ዋኔካም የሳንባ ነቀርሳን ለመዋጋት ከቤት ወደ ቤት ዞረች፣ ከባህል ሐኪሞቹ ጋራ ተቀምጣ መከረች፣ የሕክምና ቃላት በናቫሆኛ የሚገለጹበት መዝገበ ቃላት እንዲዘጋጅ አደረገች። በ1963 የፕሬዚዳንቱ የነፃነት ሜዳይ ተሸለመች። ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ በሽቦ የሚሠራው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ወሬና ጉዞ፣ ትዕግሥትም ነው።

ዛሬ ለአዛውንት የሚሆን የዲጂታል መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉን ማጉላትና ቃሉን መተርጎም የባህልን ጉዳይ የጨረሰላቸው ይመስላቸዋል። የኦኦዳም ምሳሌ ይህን ያፈርሰዋል። ከላይ የተጠቀሰው አልቫሬዝ ከቋንቋ ሊቁ ከኬኔት ሄል ጋራ ያዘጋጀው የኦኦዳም አጻጻፍ በሕዝቡ ዘንድ በይፋ የጸደቀው ገና በ1974 ነው። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ሽማግሌ የነበረው ሰው ቋንቋውን ጠንቅቆ ቢያውቅም በቋንቋው የተጻፈ ነገር ማንበብን በልጅነቱ አልተማረም። ለእንዲህ ያለ ሰው በገዛ ቋንቋው የተጻፈ መስተዋት ከእንግሊዝኛው ያልተሻለ ሊሆን ይችላል፤ የሚስማማው ድምፅ ነው። በ2020 ወረርሽኙ በገባ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት የአዛውንት ሕክምና መድን፣ ሜዲኬር፣ ምስል በሌለበት ተራ ስልክ ለተደረገ ሕክምና ክፍያ መፍቀዱ፣ በችግር ግፊት የተደረገ ቢሆንም፣ ወደዚሁ የሚያመለክት ነው።

ከድምፁም ይልቅ የሚከብድ ነገር አለ፤ የተቀረጸው የማን ነው? በአሪዞና የሚኖሩት የሐቫሱፓይ ሰዎች ከ1990 ጀምሮ ለስኳር በሽታ ጥናት ብለው ደማቸውን ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰጡ። ደሙ ግን ከዚያ ውጭ ለሆኑ ጥናቶች፣ ከእነዚህም መካከል ስለ ሕዝቡ አመጣጥ የራሳቸውን ትውፊት ለሚቃወም ምርምር ዋለ። ክርክሩ በ2010 በስምምነት አለቀ፤ 700,000 ዶላር ተከፈለ፣ የቀረውም ደም ተመለሰላቸው። የናቫሆ መንግሥት በ2002 በምድሩ ላይ የዘር ጥናትን ማገዱም ከተመሳሳይ ሥጋት የመጣ ነው። የሽማግሌን ድምፅ ለሚቀርጽ የጤና መሣሪያ ይህ ጉዳይ ከደሙ እጅግ ይጠብቃል። ሽማግሌው ስለ ሕመሙ ሲናገር ዘፈን ሊጠራ፣ በማንም ፊት የማይነሣ ነገር ሊያነሣ ይችላል፤ መሣሪያው ደግሞ መቅረጽ እንጂ ጆሮ መዝጋት አያውቅም። የ1974ቱን መጽሐፍ ያዘጋጁት አራቱ ሰዎች ይህን ችግር ያቃለሉት አዋቂው ራሱ ከሥራው ባለቤቶች አንዱ ስለነበረ ነው።

ስታርፓክ በ1977 አበቃ። ገንዘቡ የተመደበው ለሙከራ እንጂ ለዘለቄታ ስላልነበረ መኪናው ያገኛቸው በሽተኞች ቴሌቪዥኑን ያጡት እርሱን በለመዱበት ጊዜ ነው። ሆኖም መኪናው ሥራ በጀመረበት በዚያው በ1975 ነባር ሕዝቦች አገልግሎታቸውን ከመንግሥት ተረክበው በራሳቸው እንዲያካሂዱ የሚፈቅድ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ውጤቱም ከመኪናው ይልቅ የቆየ ሆነ። በ2007 ቶሆኖ ኦኦዳሞች የራሳቸውን የአዛውንት ማስታመሚያ ቤት ከፈቱ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ እንክብካቤ የሚያስፈልገው ሽማግሌ ከምድሩ ወጥቶ ቋንቋውን የሚሰማ በሌለበት ከተማ ይተኛ ነበር።

የስታርፓክ ወረቀቶችና ፎቶግራፎች ዛሬ በቱሳን በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ። የሁዋን ግሬጎሪዮን ቃል የያዘውን መጽሐፍ ያሳተመውም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው።