«ዳይኤሌክትሪክ» እና «ኢ-አስተላላፊ»፤ የሁለት ቃላት ልዩነት በታሪክ ሲታይ

በሳይንስ ቃላት አሰያየም ከሚያጋጥሙት ችግሮች አንዱ፣ በምንጩ ቋንቋ ሁለት የሆኑ ጽንሰ ሐሳቦች በአማርኛ በአንድ ስም ሲጠሩ የሚፈጠረው መደበላለቅ ነው። ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነገር ሁሉ «ኢ-አስተላላፊ» ይባላል፤ «ዳይኤሌክትሪክ»ንም በዚሁ ቃል መተርጐም ቀላል መስሎ ይታያል። ይህ ትርጉም በቂ አለመሆኑን ግን የቃሉ ታሪክ ራሱ ያስረዳል።

ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ በተቀመጡ ሁለት የናስ ሉሎች መካከል አየር፣ ብርጭቆና ድኝ እያፈራረቀ ሲመረምር፣ ሉሎቹ የሚይዙት የኤሌክትሪክ መጠን እንደ መካከለኛው ነገር ዓይነት የሚለያይ ሆኖ አገኘው። ኢ-አስተላላፊው ነገር ከልካይ ግድግዳ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ፋራዳይ ለዚህ ጠባይ ስም ቢያጣ ሊቁን ዊልያም ሂውኤልን አማከረ፤ ሂውኤልም በ1836 ገደማ «በ... በኩል» የሚል ፍች ካለው «ዲያ» ከተባለው የግሪክኛ መስተዋድድ «ዳይኤሌክትሪክ»ን አበጀለት። እንግዲህ «ኢ-አስተላላፊ» ነገሩ የማይሠራውን ሲናገር፣ «ዳይኤሌክትሪክ» የሚሠራውን ይናገራል።

የልዩነቱ ክብደት ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ ጐልቶ ታየ። ቤድኖርዝና ሚውለር በ1986 ዙሪክ አጠገብ አዲሱን የልዕለ አስተላላፊ ኦክሳይድ ወገን ካገኙ በኋላ፣ በ1987 ከፈሳሽ ናይትሮጅን መፍያ ከ77 ኬልቪን በላይ፣ እስከ 90 ኬልቪን ገደማ የሚሠራው የኢትሪየም፣ የባሪየምና የመዳብ ኦክሳይድ ተገኘ። ማይክሮዌቭን ከመዳብ በእጅጉ ባነሰ ብክነት ለማስተላለፍ፣ ይህን ኦክሳይድ በክሪስታል ላይ በስስ ልባስነት ማሳደግ ያስፈልግ ነበር። ስትሮንቲየም ታይታኔት የአተሞቹ አሰላለፍ ከልባሱ ጋር ስለሚገጥም ቀድሞ ተመረጠ። ነገር ግን በተራ ሙቀት 300 ያህል የሆነው ዳይኤሌክትሪክ ልኩ በ77 ኬልቪን ከ1,000 ይበልጣል፤ በ4 ኬልቪን አካባቢ ከ20,000 ያልፋል፤ ብክነቱም ከፍተኛ ስለሆነ ልባሱ ያተረፈውን ክሪስታሉ ያጠፋዋል። በ1988 ልኩ 24 ያህልና ብክነቱ አነስተኛ የሆነው ላንታነም አሉሚኔት ቀረበ። ልኩ 10 ገደማ የሆነው ማግኒዝየም ኦክሳይድ፣ እንዲሁም በመካከሉ የሴሪየም ኦክሳይድ ገለፈት የሚደረግበት ሰንፔር አገልግሎት ላይ ውለዋል። አራቱም ኢ-አስተላላፊዎች ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የለየው ዳይኤሌክትሪክ ጠባያቸው ነው።

ስለዚህ «ዳይኤሌክትሪክ» በውሰት ቃልነቱ ጸንቶ፣ «ኢ-አስተላላፊ» ለከልካይነት ትርጉም ብቻ ቢወሰን ተገቢ ይሆናል። «ዳይኤሌክትሪክ ቋሚ» የሚለው ሐረግም፣ መጠኑ ከሙቀት ጋር ይህን ያህል የሚለዋወጥ በመሆኑ፣ በ«ዳይኤሌክትሪክ ልክ» ቢተካ ይሻላል። ልባሱን ለሚሸከመው ክሪስታል «ንጣፍ» አይስማማም፤ ንጣፍ በሌላ ነገር ላይ የሚዘረጋ እንጂ ሌላውን የሚሸከም አይደለምና። «መደብ» ግን በቤታችን እንደምናውቀው ተሸካሚ ነው፤ የ«ክፍል» ትርጉሙም ከዐውዱ ስለሚለይ አያሳስትም።