የገበታ ትምህርት

የባዕድ አገርን ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው መጽሐፍ ይመረምራል፤ ካርታ ይዘረጋል፤ የነገሥታቱን ስምና የወንዞቹን ርዝመት ያጠናል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ እኔም በአስተማሪነት ዘመኔ ያስተማርሁት ይህንኑ ነው። ነገር ግን የአንድ ሕዝብ ልማድ ከሁሉ ይልቅ ተገልጦ የሚታየው በቤተ ሰብ ገበታ ዙሪያ ነው። ይህንም የተማርሁት በልጅነቴ፥ በገዛ ጥፋቴ ነው።

አስቀድመን ግን ከታሪክ እንነሣ። አልቫሬዝ የተባለ ፖርቱጋላዊ ቄስ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1520፥ ከአገሩ መልእክተኞች ጋር መጥቶ እስከ 1526 በአገራችን ተቀመጠ። የአንጎት ገዥ እነዚህን እንግዶች በቤቱ ጋበዛቸው፤ ጥሬ ሥጋና ሐሞት የገባበት መረቅ በቀረበላቸው ጊዜ ግን ሊቀምሱት አልደፈሩም። ከዚያ በኋላ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ገብቶ በጎንደር ተቀመጠ። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ያየውን የጥሬ ሥጋ ግብዣ ቢተርክ፥ ብዙዎች ውሸታም አሉት። እንግዲህ አስተውሉ፤ አንዱ ገበታውን ፈርቶ ራቀ፤ የሌላውን ወሬ ደግሞ ሰሚዎቹ አላመኑትም። የሰው ገበታ ከሩቅ ሲታይ ወይ ያስፈራል ወይ ያስቃል፤ ፍቺውን የሚሰጥ ባለቤቱ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። በ1964 ዓ.ም. ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ አቅራቢያ፥ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር ዕድሜዬ ዐሥራ ሁለት ዓመት ነበረ። በዚያ ዘመን ከሚሲዮናውያን ሌላ፥ ከ1955 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች በየከተማው ያስተምሩ ስለ ነበር፥ ነጭ መምህር ማየት ብርቅ አልነበረም፤ በቤቱ ተቀምጦ መብላት ግን ብርቅ ነበር።

አንድ እሑድ ጀርመናዊው መምህራችን ሦስት ተማሪዎችን በቤታቸው ለምሳ ጠሩን። ባለቤታቸው የተቀቀለ ድንችና ጎመን፥ ጥቂትም ሥጋ አቀረቡ። ከጸሎት በኋላ ለእያንዳንዳችን ለየብቻ ሳሕን ተሰጠን። «በሞቴ፥ ብሉልኝ» የሚል የለም፤ የሚያጐርስም የለም። ትንሹ ልጃቸው ግማሽ ድንች አስቀርቶ ሊነሣ ቢል፥ ሳይጨርስ እንዳይነሣ ከለከሉት። እኔም በልቤ «ምንኛ ስስታሞች ናቸው!» አልሁ። መምህራችን ራሳቸው ሳሕን ሲያጥቡ ባየሁ ጊዜ ደግሞ ናቅኋቸው።

ፊቴን አይተው ኖሮ አስቀመጡንና አጫወቱን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ በ1939 ዓ.ም.፥ ብርቱ ብርድና ረኃብ አገራቸውን እንዳስጨነቃት፥ ያን ጊዜ ሕፃን የነበሩት እርሳቸውም የድንች ልጣጭ እንደ በሉ ነገሩን። «በቤታችን ምግብ የሚመጠነው ለሰው ስለምንነፍግ አይደለም፤ የሚጣል እንዳይኖር ብለን ነው» አሉ። እኔ ስስት ያልሁት የረኃብ ትዝታ ነበረ። ይህ ድንች፥ ዛሬ የጄልዱ ገበሬ በብዛት የሚያመርተው፥ ወደ አገራችን የገባው በ1858 ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ዐዋቂ እጅ እንደ ሆነ ይነገራል።

ስንሰናበት መምህራችን «እኛስ የእናትህን ቤት መቼ እናያለን?» አሉኝ። ጢስ ያጠቈረው ቤታችን፥ የጭቃ መደባችን፥ በእጅ መብላታችን ሁሉ አሳፈረኝና «እናቴ ታማለች» ብዬ ዋሸሁ።

በማግሥቱ ባልና ሚስቱ ለበሽተኛዪቱ መድኃኒት ይዘው ከደጃችን ቆሙ። እናቴ ደኅና ሆና እህል ስታበጥር አገኟት። እርስዋ የምታውቀው ኦሮምኛ ብቻ ነበርና አስተርጓሚው እኔ ሆንሁ፤ ውሸቴን በገዛ አፌ ተረጐምሁላት። እናቴ አንድ ጊዜ አየችኝ፤ ቃል ግን አልተናገረችም። እሳት አነደደች፤ ወፍራም የጤፍ ቂጣ ጋግራ በቅቤና በአይብ አርሳ ጩምቦ ሠራች። ሁላችንም ከአንድ ገበታ ቀረብን። እናቴ የመምህሩን ባለቤት ስታጐርሳቸው ጥቂት አመነቱ፤ ኋላ ግን አፋቸውን ከፈቱ። አንድ ጉርሻ ያጣላልና ሁለተኛውን ጨመረችላቸው።

ሴትዮዋም ሁሉ ከአንድ ገበታ የሚበላው ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቁ። እናቴ «ለየብቻ ቢበላ ያልጠገበው በምን ይታወቃል? ከአንድ ገበታ ሲበላ ግን የጎደለበት ይታያልና ይገፋለታል» ብላ መለሰች። መምህራችን ይህን ስተረጕምላቸው ዝም ብለው ቈዩ። የእነርሱ ሳሕን እህል እንዳይባክን ይጠብቃል፤ የእኛ ገበታ ሰው እንዳይራብ ይጠብቃል። ሁለቱም ረኃብን የሚያውቁ ሰዎች የሠሯቸው ሕጎች ናቸው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እናቴ «ያዋረድኸው እኔን አይደለም፤ ያሳደገህን እህል ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ፤ ቃልዋ ግን አልለቀቀኝም።

ይሁን እንጂ ምግብ ብቻውን አያስተምርም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዘ ጊዜ ፓስታው በየከተማው ተለመደ፤ ጦሩ ተባርሮ ቢወጣም ፓስታው ቀረ። ዛሬ ከጊንጪ እስከ ባኮ በየምግብ ቤቱ ይሸጣል፤ በእንጀራም ይበላል። ነገር ግን ፓስታ በመብላቱ የጣሊያንን ቤተ ሰብ ኑሮ ያወቀ ማን ነው? እህሉ ያለ ባለቤቱ ቀርቷልና የሚፈታልን የለም።

ስለዚህ፥ ወጣቶች ሆይ፥ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ባዕድ አገር ብትሄዱ በቤታቸው ሲጋብዟችሁ እንቢ አትበሉ። ያላወቃችሁትን ልማድ ከመፍረዳችሁ በፊት ምክንያቱን በትሕትና ጠይቁ። ባዕድ ሰው ወደ አገራችሁ ሲመጣም ከእናታችሁ ገበታ አቅርቡት እንጂ በእርስዋ አትፈሩ። በቤቱ እህል የሚያፍር ሰው የሌላውንም ቤት እህል አክብሮ ሊበላ አይችልም።